ባሮ አራት መልእክት የለውም

ሐኪሙ ቀኝ ጆሮዬ ጨርሶ እንደሞተ፣ ግራውም ብዙ እንደማይቆይ ሲነግረኝ አልደነገጥኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የጆሮ ማዳመጫ ደፍቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሚንጫጫ አየር ውስጥ የሰው ቃል እየለቀምኩ ልጆች አሳድጌአለሁ፤ ከጡረታ በኋላም ያንኑ ሥራ በነጻ ሠርቻለሁ። የደነገጥኩት ከክሊኒኩ ወጥቼ በባሮ ድልድይ በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ ነው። የሬዲዮ ጣቢያችንን ለማን አስረክባለሁ ብዬ ሳስብ ከኛቦል በቀር ማንም አልመጣልኝም። ኛቦልን ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ዋሽቻታለሁ። እውነቱን ሳልነግራት ባስረክባት ሌላ ኃጢአት ነው፤ ብነግራት ደግሞ የምትረከበኝ አይመስለኝም ነበር።

ጣቢያ ስል ዘፈንና ዜና የሚያሰማ እንዳይመስላችሁ። በአንድ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጀርባ ያለች ባለ አንድ በር ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የአጭር ሞገድ መነጋገሪያ ሬዲዮ፣ ሁለት የመኪና ባትሪ፣ ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳ፣ ከማንጎው ዛፍ እስከ ውሃ ታንከሩ ማማ የተዘረጋ የሽቦ አንቴና፤ ሌላ የለም። ስልክ በማይደርስባቸው፣ ቢደርስም ክረምት ሲገባ በሚጠፋባቸው አራት የወንዝ ዳር መንደሮች ውስጥም እንዲሁ አንዳንድ ሬዲዮ አለ። ባሮ አንድ፣ ባሮ ሁለት፣ ባሮ ሦስት፣ ባሮ አራት እያልን ነው የምንጠራቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ እንገናኛለን። የታመመ፣ መድኃኒት ያለቀበት፣ ውሃ የከበበው ካለ እነሱ ይነግሩናል፤ እኛ ደግሞ ወደሚመለከተው እንሮጣለን። ፈቃዳችን የአማተር ነው፤ ደሞዝ የሚባል ነገር የለበትም። ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ነበርን ማለት ይሻላል።

ተወልጄ ያደግሁት ጎሬ ነው። ወደ ጋምቤላ የወረድኩት ከትምህርት ቤት ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ኦፕሬተርነት ተቀጥሬ ነው። እናቴ ወባ ይገድልሃል ብላ አልቅሳ ሸኘችኝ። ወባው አልገደለኝም፣ የመጀመሪያው አለቃዬ ግን ሊገድለኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ሰውየው ሬዲዮ ማለት መጮህ ይመስለው ነበር። ማይክሮፎኑን ከአፉ ውስጥ አስገብቶ ያንባርቃል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ ይድገሙልን ሲሉት ይበልጥ ይጮሃል። እኔም ከሱ የተማርኩት ያንኑ ነበር። በዚሁ ትምህርቴ ዲማ ተላክሁ።

ዲማ ወርቅ ቆፋሪው ሁሉ የደጋ ሰው ስለሆነ የቋንቋ ችግር አልነበረብኝም፤ ችግሩ የሚላከው መልእክት ነበር። ጉድጓድ የተደረመሰበት፣ ቢላ የተማዘዘ፣ ከወሎ ወይም ከጎጃም መጥቶ ስሙን እንኳ በቅጡ የሚያውቅለት ሰው ሳያገኝ የሞተ። ሁለት ዓመት የሰው ሞት፣ ስሙን ፊደል በፊደል እየጠራሁ፣ ሳስተላልፍ ከረምኩ። ቀጥሎ ማታር ተመደብኩ። እዚያ ደግሞ ድንበሩን ተሻግሮ የሚመጣና የሚሄደው ነጋዴ ብዙ፣ እኔ የምሰማው ቋንቋ ጥቂት። ስለ ሥራው የማውቀው ነገር ቢኖር እስከዚያ ድረስ አሠራሩን ብቻ ነው፤ ቁልፍ መጫን፣ መናገር፣ መልቀቅ፣ መጻፍ። ሥራውን የተማርኩት ወደ ጋምቤላ ተመልሼ ከአቶ ኡጁሉ ጋር አንድ ክፍል ስቀመጥ ነው።

አቶ ኡጁሉ አኙዋ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው። ለግንኙነቱ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይመጣሉ። ማይክሮፎኑን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ። ሬዲዮውን ከፍተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ አየሩን እያዳመጡ ነው፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ፣ ዝናብ ወዴት እንዳለ፣ ሞገዱ ዛሬ ቅርብ ይሰማ ወይስ ሩቅ። እንዲያ ሳያደርጉ ቁልፍ ተጭነው አያውቁም። የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ በዚያ ሙቀት ላብ ሲነካው ይዝረከረካል፤ እርሳሱን በምላጭ አሹለው ሦስት አራት ደርድረው ያስቀምጣሉ። በእርሳስ ይጻፉ እንጂ ላጲስ አይነኩም ነበር። የተሳሳቱትን በአንድ መስመር ሰርዘው ከላዩ ያርሙታል፤ የተሳሳቱት ነገር ከሥሩ ይነበባል። መዝገብ ላይ ያፈርንበትን ማጥፋት እንደ መዋሸት ነው ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ሰላምታቸው ነበር። እያንዳንዱን መንደር እስኪበቃቸው ሰላም ሳይሉ ወደ ሥራ አይገቡም። ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብቶቹስ፣ አሮጊቷ ተሻላት ወይ፣ ዓሣ አለ ወይ፣ ውሃው ምን መልክ አለው። እኔ ጎረምሳ ነኝ፣ ሥራ በቶሎ አልቆ ወንዝ ወርጄ መታጠብ ነው የምፈልገው፤ ሰዓቴን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። አንድ ጠዋት ከባሮ አራት ያኔ ገና ጎልማሳ የነበረው ጋትሉዋክ በኑዌር ቋንቋ ሲመልስላቸው፣ በኋላ እንደተረጎሙልኝ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ አክስታቸው ቤት ነው የሚያድሩት አለ። አቶ ኡጁሉ ሁሉም ልጆች ወይ ብለው ጠየቁት። ሁሉም አለ። የጎረቤትህስ? የጎረቤቴም። ከዚያ ላሞቹን ጠየቁት፤ ላሞቹም አክስት ቤት ናቸው። መልእክት አለህ ሲሉት የለኝም አለ። አቶ ኡጁሉ እርሳሳቸውን አንስተው መዝገቡ ላይ፣ ውሃ መንደር ገብቷል፣ ጀልባ ያስፈልጋል ብለው ጻፉ። በዚያው ቀን ጀልባ ሄደ፤ ያገኘውም ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። የአክስትየው ቤት ጉብታ ላይ እንደሆነ እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም።

አፌን ከፍቼ ስቀር እንዲህ አሉኝ፦

«ፈለቀ፣ አንተ መልእክት ብቻ ትጠይቃለህ። ሰውየው መልእክት ምን እንደሆነ ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ኑሮውን ነው። አንተ ኑሮውን ጠይቅ። መልእክቱን ከውስጡ አንተ አውጣ።»

ገባኝ ብዬ ነበር። እንዳልገባኝ ያወቅሁት ብዙ ቆይቶ፣ በሰው ሕይወት ነው።

ሞባይል ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ የሬዲዮ ክፍሉን ዘጋው። እኔን የዕቃ ግምጃ ቤት ሰጡኝ፤ እዚያ ሆኜ ጡረታዬን ጠበቅሁ። አቶ ኡጁሉ ግን አላረፉም። ስልክ የማይደርስባቸው መንደሮች እኮ ዛሬም አሉ እያሉ ከበር ወደ በር ዞረው፣ ከቤተ ክርስቲያን ክፍሏን፣ ከአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አምስት አሮጌ ሬዲዮ፣ ከከተማው ሰው ሽቦና ባትሪ ለምነው ፈቃዱን አወጡ። እኔ ጡረታ በወጣሁ ሳምንት ቤቴ መጥተው ተነስ አሉኝ። ተነሳሁ። አንዲት ጡረተኛ ነርስ፣ ሲስተር ወይንሸት፣ የሕመም ነገር ሲመጣ ልታማክረን ገባች። ከአቶ ኡጁሉ ሌላ የኑዌር ቋንቋ የሚችል ሰው ስንፈልግ ደግሞ ገበያ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው ኛቦል መጣች።

ኛቦል የባሮ አራት ልጅ ናት። ባሏ ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን ሄዶ ቀርቷል። ሰው ስትለካ እንደምትቀልድ ሬዲዮ ላይም ትቀልድ ነበር። ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናዋን ትታ ትመጣና ከጎኔ ትቀመጣለች፤ ጋትሉዋክ በቋንቋቸው «ማሌ»፣ ሰላም፣ ሲል እሷም «ማሌ» ትላለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሩብ ሰዓት ለሁለቱ መተው ነው። አልፎ አልፎ ወደ እኔ ዞራ ባጭሩ ትተረጉምልኛለች። ጋትሉዋክ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፤ አማርኛ ብዙ አይችልም፤ መልእክት አለ፣ መልእክት የለም፣ ተቀበል፣ ጨርሻለሁ፣ ይችኑ ነው። ጋትሉዋክ የእሷን እህት ኛጓን እንደ ልጁ ነው የሚያያት፤ ጎረቤቱ ናት። በየቀኑ ስለ እሷ አንድ ነገር ሳይናገር አይሰናበትም ነበር።

አቶ ኡጁሉ አልጋ ሲይዙ ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ። ባትሪዎቹ በዚያ ሰሞን አርጅተው ነበር። ክረምት ሰማዩ ሲዳምን ሶላሩ አይሞላቸውም፤ ሁለት መንደር ሰላም ብለን ሦስተኛው ላይ ሬዲዮው ይተኛል። አንድ ቀን ባሮ ሦስት መድኃኒት ጠይቆ ሳይጨርስ ተቋረጠብን። ሲስተር ወይንሸት ተናደደች፤ እኔም ተናደድኩ። በማግስቱ ደንብ አወጣሁ። ሰላምታ የለም። እጠራለሁ፤ መልእክት አለ? ካለ በወረቀት ተጽፎ፣ የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ፈርሞበት ይነበብልኛል፤ ከሌለ የለም ይባላል፤ ጨርሻለሁ። ፊርማውን የጨመርኩት ማንም ተነስቶ ወሬ እንዳያወራብኝ ነው። አራቱንም መንደር ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብልኝ እኔ ራሴ ጨረስኳቸው። ባትሪው ተረፈ። ሊጎበኝ የመጣ አንድ እንግዳ አሠራራችሁ ጥሩ ነው ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ኛቦል ደንቡን ሰምታ አልሳቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮስተር ብላ ነው ያናገረችኝ።

«ጋሼ፣ የኛ ሰው ሳይጠየቅ ክፉ ነገር አይናገርም። ነውር ነው። መጀመሪያ ትጠይቀዋለህ፣ ቁጭ ብለህ ትሰማዋለህ፣ ከዚያ ነው የሚነግርህ።»

ይሄ ሬዲዮ ነው እንጂ ቤት አይደለም አልኳት። ደግሞም ከእንግዲህ ትርጉም ስለማያስፈልግ ጠዋት ጠዋት ሥራሽን ጥለሽ አትምጪ፣ ስፈልግሽ እጠራሻለሁ አልኳት። ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ነበር። ሄደች።

ነሐሴ ላይ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንደተለመደው ጠራኋቸው። ባሮ አራት ጋር ስደርስ መልእክት አለ፣ ተቀበል አልኩ። ጋትሉዋክ ትንሽ ዘገየና መልእክት የለም አለ። ግን ቁልፉን አለቀቀም። የሬዲዮ ሰው ይህን ያውቃል፤ አንዱ ቁልፍ ተጭኖ ዝም ሲል አየሩ ይለወጣል፣ ንጫጫታው ይጠፋል፣ የሰውየው ክፍል ነው የሚሰማህ። ከኋላው ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ሰማሁ። እሱ ሲተነፍስ ሰማሁ። እስከ አሥር ቢቆጠር ነው። ከዚያ ለቀቀው። እኔ ባትሪዬን እያየሁ ጨርሻለሁ አልኩና ዘጋሁ። መዝገቡ ላይ በእርሳስ እንዲህ ጻፍኩ፦ ባሮ አራት። ድምፅ ግልጽ። መልእክት የለም። ከሰዓትም ማክሰኞም ረቡዕም ያው ነበር። ረቡዕ ጠዋት ቁልፉን ተጭኖ ሲቆይ፣ ይኼ ሽማግሌ ቁልፉ ተበላሽቶበታል ወይ ብዬ አጉረመረምኩ።

ኛጓ ምጥ ላይ ነበረች። ከእሑድ ጀምሮ። ጤና ሠራተኛው መድኃኒት ሊያመጣ ማታር ሄዶ ውሃው መንገድ ዘግቶበት አልተመለሰም፤ ወረቀት የሚፈርም ሰው መንደሩ ውስጥ አልነበረም። ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ የሞተር ጀልባ እዚህ ባሮ ዳር ታስሮ ቆሟል፤ ነዳጅም ነበረው። ጠዋት ቢነሳ ቀን ሳይመሽ ይደርስ ነበር። እኔ በእነዚያ ሦስት ቀናት በዚያ ዳርቻ ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ፤ ዓሣ ገዝቼም ተመልሼአለሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኛቦል መጣች። ከማታር ዘመድ ደውሎላት ነው። ኛጓም ልጁም ሞተዋል፣ ረቡዕ ከሰዓት። በሩ ላይ ቆማ፣ የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሬዲዮው አልሠራም ነበር እንዴ?»

ያቺን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንደተመለስኩባት እኔ ነኝ የማውቀው። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

«አልሠራም» አልኳት። «መስመሩ ጠፍቶ ነበር።»

እሷም ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? ባትሪው እንዳረጀ ለሁሉም ሰው የነገርኩት እኔ ነኝ።

ውሃው ጎድሎ በጋ ሲገባ ጋትሉዋክ ራሱ ወደ ጋምቤላ መጣ። ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በጀልባ። የሬዲዮ ክፍላችን በር ላይ ሳየው ሰላም ልለው ተነሳሁ፤ እጄን ያዘና አልለቅህ አለኝ። ያቺን ጥቂት አማርኛውን አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ቃል በቃል እየፈለገ ነው የተናገረው።

«እኔ ጠበቅሁ» አለኝ። «አንተ አልጠየቅህም።»

ከዚያ ለኛቦል አንተ ንገር አለኝ። እሱ እንዳልነገራትና እንደማይነግራት ገባኝ። የተበደለው እሱ ሆኖ ሳለ የመናገሩን ክብር ለእኔ ነው የተወልኝ፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ኃላፊ ነኝ፣ ለእሷ ተናግሬ ይቅርታ መጠየቅ የኔ ፈንታ ነው ብሎ። እሺ አልኩት። አቶ ኡጁሉ ያን ጊዜ ሞተው ነበር፤ ይህን ሁሉ ሳይሰሙ በመሞታቸው ፈጣሪን አመሰገንኩ። እንዲህ ያለ ምስጋና አምላክ ይቀበለው እንደሆነ አላውቅም።

አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ እያልኩ ወሩ አለፈ፤ ቀጥሎ ዓመቱ። ደንቡን ወዲያው ሰርዤ ሰላምታውን መልሼአለሁ፤ ኛቦልንም ነይ ብዬ ጠርቻታለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ደስ ብሏት ተመለሰች። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኛቦል እህቷን የገደለው የጠፋ መስመር ነው ብላ አምናለች፤ ስለዚህ መስመሩን እንደ ሕፃን መጠበቅ ጀመረች። ከገበያ ሴቶች አስተባብራ አዲስ ባትሪ አመጣች። አንዱን ባትሪ የስፌት መኪናዋ ሥር አስቀምጣ በሱቋ መብራት ትሞላዋለች፤ ደንበኛ እግሩን እንዳያስነካው ትቆጣለች። መበየድ ተማረች። በጋ በመጣ ቁጥር አራቱንም መንደር ዞራ የአንቴናውን ሽቦ በእጇ እየዳሰሰች ትፈትሻለች፤ የዛገውን ትቆርጣለች፣ የላላውን ትወጥራለች። አንድ ቀን ማንጎው ላይ ወጥታ ሽቦ ስታስር ከሥር ሆኜ ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ አልኳት። ከላይ ሆና፣ ጋሼ፣ ከእንግዲህ መስመር አይጠፋም አለችኝ። ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ።

በየዓመቱ ይህን ስታደርግ ባየሁ ቁጥር መናገሩ ይበልጥ ከበደኝ። መጀመሪያ የምነግራት ስለ ሦስት ቀን ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ስለ እሷ ድካም ሁሉ ሆነ። እንዲህ ያለ ውሸት ሰው ይኖርበታል፤ እሷ ኖረችበት። የዚያን ክረምት መዝገብ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከጋቢዬ ሥር ቀብሬዋለሁ። ጽሑፉን ግን አላጠፋሁትም። አቶ ኡጁሉ ያስተማሩኝን ከሁሉ ነገር ያችን አንዷን ጠብቄአለሁ፤ እሷንም ብትሆን ለሰው ሳላሳይ።

በነዚህ ዓመታት ወዳጆቻችን አንድ በአንድ ተበተኑ። ሲስተር ወይንሸት ልጇ ዘንድ መቱ ገባች። ሶላሩን የሚያጥብልን ባለ ባጃጅ ወርቅ ፍለጋ ዲማ ወርዶ ቀረ። ሰው ሁሉ እጁ ላይ ስልክ አለ፤ በሽቦ ተንጠልጥሎ ሰላም የሚል ጣቢያ ማን ያስታውሳል? ከዚያ ጆሮዬ ሄደ። ጋትሉዋክ ሲናገር እንደ ንብ ድምፅ እንጂ ቃል አልሰማ አልኩ። ፈቃዱ ደግሞ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ፤ አዲስ ኃላፊ ስሙን ጽፎ ካልፈረመ ያበቃል። ኛቦል ሳልጠይቃት እኔ እፈርማለሁ አለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀቱን ይዤ የሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ጠበቅኋት። ነጭ ነጠላዋን እንደለበሰች ገባች፤ እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አወጣች። የት ጋ ነው ስትለኝ ቆይ አልኳትና መዝገቡን ፊት ለፊቷ አኖርኩላት። ገጹን ገልጬ ነው የሰጠኋት። ኛቦል አማርኛ የምታነበው ጣቷን ፊደሉ ላይ እያስኬደች ነው፤ ጣቷ ከቀኑ ተነስቶ ቀስ እያለ ሄደና ቆመ።

«ድምፅ ግልጽ» አለች።

«ግልጽ ነበር።»

«ሦስቱንም ቀን?»

«ሦስቱንም ቀን።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ደንቡን፣ ጋትሉዋክ ቁልፉን ተጭኖ መቆየቱን፣ ዝናቡን፣ ዓሣ ገዝቼ መመለሴን ሳይቀር። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጋትሉዋክ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ያውቃል፣ እንድነግርሽም አዞኝ ነበር አልኳት። መቼ አለች። በዚያው በጋ አልኳት። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ ልላት ተነሳሁ፤ እጇን ዘርግታ እንድቀመጥ አሳየችኝ። ሬዲዮውን ነበር የምታየው።

«ያኔ ብትነግረኝ አንተን እጠላ ነበር» አለች። «አንተን ጠልቼ ሬዲዮውን እይዝ ነበር። እህቴን ያጠፋው ሰው ነው፣ ይሄ ግን ይሠራል፣ እል ነበር። አሁን ግን እኔ ስድስት ዓመት የታመመ መስሎኝ ሳስታምመው የኖርኩት ምንም ያልሆነ ነገር ነው። ምንም አልጎደለውም ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመችና ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ባትሪውን ሰው ልኬ አመጣልሃለሁ አለችኝ፤ በማግስቱም ላከችው። ሙሉ ነበር።

ወረቀቱ ሳይፈረም ቀነ ገደቡ አለፈ። ሽቦውን ከማንጎው ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ስጠቀልለው እሷ የበየደችውን ቦታ ሁሉ እጄ አገኘው፤ አንዱም አልላላም። የገበያውን መንገድ ትቼ በሌላ መንገድ ነው አሁን የምሄደው። ያለፈው ሳምንት ወንዝ ዳር ከባሮ አራት የመጣ አንድ ጀልባ ነጂ አግኝቼ ግራ ጆሮዬን አስጠግቼ ስለ ሽማግሌው ጠየቅሁት። ጋትሉዋክ ዛሬም በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ይከፍታል አለኝ። ይጠራል፣ ማንም አይመልስለትም። መስመሩ ጠፍቶ ነው ብሎ ለመንደሩ ሰው ነግሯል።

አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ጀልባ ነጂው ጠበቀኝ፤ እኔ ግን ምንም ሳልናገር ሄድኩ።